የጠዋቱ ጠብታ

ሕይወት የደወለችልኝ ማክሰኞ ጠዋት፣ ቢሮዬ ውስጥ ከባሕር ማዶ የመጣ የአንድ ተማሪ የትምህርት ማስረጃ ትርጉም ስመረምር ነበር። «ሶስና፣ ማሚ ዛሬ አልነቃችም» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ያደረግኩትን ነገር እስከ ዛሬ ለራሴም ማስረዳት አልቻልኩም፤ ጣቴ ያረፈበትን መስመር እስከ ዳር አነበብኩ፣ ቀጣዩንም አነበብኩ፣ ገጹን ጨርሼ ፈረምኩበት። ከዚያ በኋላ ነው ወንበሬን ወደ ኋላ ገፍቼ የተነሣሁት።

የሕይወት እናት እትዬ ታደለች በሥጋ ምኔም አልነበሩም። ከሃያ ዓመት በፊት የዩኒቨርሲቲ ዲግሪዬን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ወደዚህ አገር ስመጣ፣ መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ነበር፤ የተመደብኩትም እሳቸው በሚሠሩበት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ያን ጊዜ አምሳን ጥቂት አልፈው ነበር። አጭር፣ ሰፊ ግንባር ያላቸው፣ ነጭ የሥራ ጫማቸውን በጥርስ ብሩሽ የሚያጥቡ ሴት ነበሩ። በየክፍሉ ደወል ሲጮኽና እኛ ወጣቶቹ ኮሪደሩ ላይ ስንራወጥ፣ እሳቸው ርምጃቸውን ሳይለውጡ «ቀስ በሉ፣ እዚህ ቤት ማንም ተነሥቶ አይሄድም» ይሉን ነበር።

መድኃኒት ለመስጠት የሚያስችለውን ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቀው በሦስተኛው ሲያልፉ፣ በምሳ ሰዓት ያስጠናኋቸው እኔ ነበርኩ። እንግሊዝኛቸው ለሥራ ከሚበቃው አያልፍም ነበር፤ የመድኃኒቶቹን ስም ግን እንደ ዳዊት በቃላቸው ያዙት። ከዚያ በኋላ በፎቁ ላይ የዐይን ጠብታ የሚያደርጉት እሳቸው ሆኑ። አደራረጋቸውን ሌላ ሰው ላይ አይቼው አላውቅም። መጀመሪያ ትንሿን ጠርሙስ በመዳፋቸው ጨብጠው፣ ከአልጋው አጠገብ ቁጭ ብለው ያሞቋታል። «ብርድ ነገር ዐይን ውስጥ ሲገባ ሰው ይደነግጣል» ይላሉ፤ «ሽማግሌ ደግሞ የሚያስደነግጠው በዝቶበታል።» ከዚያ በግራ እጃቸው የታችኛውን የዐይን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርገው፣ ጠብታዋ ከመውደቋ በፊት ሁልጊዜ በአማርኛ «መጣሁ» ይላሉ። ሁልጊዜ። ሳያስጠነቅቁ የሰው ዐይን ውስጥ መግባት ለእሳቸው ያለ ፈቃድ ቤት እንደ መግባት ነበር።

በዚያ ፎቅ የነበሩ አንዲት ጡረተኛ ፈረንጅ አስተማሪ ከእሳቸው በስተቀር ማንንም አያስጠጉም ነበር። በዕረፍታቸው ቀን እኔ ጠርሙሷን ይዤ ስቀርብ ዐይናቸውን ጭፍን አድርገው «መታው?» ይሉኛል፤ ቃሏን ካልሰሙ አይከፍቱም። ይህን ለእትዬ ታደለች ስነግራቸው በሳቅ ፈነዱ። «ታዲያ በያቸዋ! አማርኛ አይከፈልበት!»

እኔ ከዓመታት በኋላ የቢሮ ሥራ አግኝቼ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄድኩ። እሳቸው እዚያው ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጡ፤ ላንድማርክ በሚባለው ሰፈር ከአንድያ ልጃቸው ከሕይወት ጋር ይኖሩ ነበር። እኔ ሰው የምጠይቅ ሰው አይደለሁም፤ እሳቸው ግን በየእሑዱ ይደውሉልኝ ነበር። ግላኮማ እንደ ያዛቸው የነገሩኝም በስልክ ነው፤ የዐይናቸው ውስጥ ግፊት ከፍ ማለቱን፣ ጠዋትና ማታ የሚጨመር ጠብታ መታዘዙን፣ የዐየሩን ሁኔታ እንደሚነግሩኝ ያህል አቅልለው። «የሰው ዐይን ላይ ሳንጠባጥብ ኖሬ ተራው ደረሰኝ» ብለው ሳቁ።

አርባ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ ዐይኔን በሌዘር ለመታከም ወሰንኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያለ መነጽር የምተኛበትን አልጋ እንኳ በዳበሳ የማገኝ ሰው ነበርኩ። ሐኪሙ የዐይኔ ፊተኛ ሽፋን ስስ በመሆኑ የሚስማማኝ የቆየው ዓይነት ሕክምና እንደሆነ ነገረኝ፤ የላይኛው ስስ ቆዳ ተነሥቶ ሥሩ በሌዘር ይስተካከላል፣ ቆዳው እስኪመለስ ያማል፣ ዕይታው የሚጠራውም በሳምንታት ነው። በማግሥቱ አይተው ሥራ ከሚገቡት ወገን አልነበርኩም። ለማንም አልተናገርኩም። ክሊኒኩ ግን የሚመልሰኝ ሰው ካልያዝኩ እንደማይለቀኝ አስጠነቀቀኝ።

«እትዬ፣ ሐሙስ ጊዜ ይኖርዎታል?»

«ጡረተኛ ምን ሥራ አለው? ለምንድን ነው?»

«ዐይኔን ልታከም ነው። የሚመልሰኝ ሰው ያስፈልጋል ብለውኛል።»

«እኔ መኪና አልነዳም እኮ።»

«በታክሲ እንመለሳለን። ሰው ብቻ ነው የሚፈልጉት።»

«ሰውማ ነኝ» አሉ።

ሐሙስ ዕለት የመጡት የሳምንት ልብስ በሻንጣ ይዘው ነበር። የአንድ ቀን ጉዳይ መሆኑን ላስረዳቸው ብሞክር «የዐይን ነገር የአንድ ቀን አይሆንም» ብለው ሻንጣውን ሳሎኑ ጥግ አኖሩት። በማቀዝቀዣው በር ላይ የለጠፍኩትን ሠንጠረዥ አዩ፤ ሦስቱን ጠብታዎች በቀለም ለይቼ፣ ሰዓታቱን በትልልቅ ቁጥር ጽፌ፣ እያንዳንዱ ሲደረግ ምልክት የሚደረግበት ሣጥን ሠርቼለት ነበር። «ይሄ ምንድን ነው? የአውሮፕላን ሰዓት ነው?» አሉኝ። ሊያነቡት ሲሞክሩ ግን አንገታቸውን ወደ ቀኝ አዙረው፣ ከዚያ ወደ ግራ አዙረው፣ ወረቀቱን በሙሉ ፊታቸው እንደሚያስሱት አየሁ። አየሁ ማለቴ ትክክል አይደለም፤ ያን ጊዜ ገና መነጽሬን አድርጌ ነበር፣ በሚገባ ላስተውለው እችል ነበር፣ አላስተዋልኩትም።

ሕክምናው ራሱ ደቂቃዎች ብቻ የፈጀ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ሦስት ቀናት ግን አሸዋ በዐይኔ ውስጥ የሚፈጭ ያህል ነበሩ። መጋረጃው ተዘግቶ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። በየሰዓቱ የእሳቸው እግር ሲቀርብ እሰማለሁ፤ የአልጋው ዳር ዝቅ ይላል፤ ለአፍታ ዝም ይላሉ፤ ጠርሙሷን እያሞቁ መሆናቸውን አውቃለሁ። «መጣሁ።» ለብ ያለ ጠብታ። በሕይወቴ ማንም እንዲያ አስታምሞኝ አያውቅም። ይህን ለእሳቸው አልነገርኳቸውም።

ሰኞ የዐቢይ ጾም መግቢያ ነበር። ጠዋት ወተት አሙቀው አመጡልኝ።

«ዛሬ እኮ ጾም ነው» አልኳቸው።

«ለታመመ አይመለከትም።»

«ዐይኔን ነው እንጂ ሆዴን አልታመምኩም።»

«ጠጪ አልኩሽ! አባ ከጠየቁ እኔ አስገደድኳት እላለሁ። ገና ለገና ጻድቅ ልትሆኚብኝ ነው?»

ጠጣሁ። ቀጥለው የጠዋቱን ጠብታ አደረጉልኝ። ያን ቀን ሕመሙ ቀለል ብሎልኝ ስለነበር፣ ከዚያ በፊት ልብ ያላልኩትን ነገር አስተዋልኩ።

«እትዬ፣ መድኃኒቱ ጉሮሮዬን መረረኝ።»

«ይወርዳላ። የዐይንና የጉሮሮ መንገድ ውስጥ ለውስጥ ይገናኛል። እኔስ ጠዋት ጠዋት የተውኩት ለምን ሆነና?»

«ምኑን ነው የተዉት?»

ጠርሙሷ ላይ ክዳኑን ሲያጠብቁ ሰማኋቸው። ከአልጋው ተነሥተው እስከ በሩ ሄዱና፣ ከዚያ ተመልሰው መጡ። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የዐይናቸውን ጠብታ እንደማያደርጉ፣ የሚቆርቡ ከሆነ ደግሞ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ እንደሚተዉት፣ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ እንዲህ እንደሆነ ነገሩኝ። ረቡዕና ዓርብ፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት፣ ሐዋርያት፣ ዐቢይ ጾም። ዓመቱን በልቤ አሰብኩት። ጠዋት ጠብታ የሚያገኙበት ቀን ከማያገኙበት ያንስ ነበር።

«መድኃኒት እኮ ነው፣ ምግብ አይደለም» አልኩ።

«የሚወርድ ነገር ነው። ምላሴ ላይ እየመረረኝ እንዳልቀመስኩ ልሁን?»

«ሐኪሙ ያውቃል?»

«ቀጠሮዬ ሁልጊዜ በበዓለ ሃምሳ ነው። ያኔ ጾም ስለሌለ ጠዋትም ማታም አደርጋለሁ። ሲለካው ግፊቱ ደኅና ነው ይለኛል። ምን ልጨምርበት?»

«ሕይወትስ?»

በዚህ ጊዜ ድምፃቸው ተለወጠ። «ሶስዬ፣ እንዳትነግሪያት። ልጅቷ በሁለት ሥራ ተወጥራለች። ይህን ከሰማች ሥራዋን ትታ ከሐኪም ሐኪም ስታዞረኝ ነው የምትውለው። ቃል ግቢልኝ።»

ባደግኩበት ቤት በትልቅ ሰው ጉዳይ መግባት ነውር ነበር፤ ቃል ማጠፍም እንዲሁ። ዐይኔ ተጨፍኖ፣ በእጃቸው ላይ ወድቄ ሳለሁ፣ በእሳቸው ላይ የምሟገትበት ድፍረት አላገኘሁም። ቃል ገባሁ።

በስድስተኛው ቀን እንደ ፋሻ የተደረገልኝ ስስ ሌንስ ተነሣ። ዓለም መጀመሪያ የተመለሰችልኝ በእንፋሎት እንደተሸፈነ መስተዋት ሆና ነበር። አንድ ቀን ጠዋት የመስኮቱ ዳር ይለያል፣ ከሰዓት ይደበዝዛል፤ በማግሥቱ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሕንፃ ጠርዝ ያወጣል። እኔም እንደ ልማዴ የማየውን በየቀኑ እመዘግብ ነበር። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ግን ወጥ ቤቱ በራፍ ላይ ቆሜ የእትዬ ታደለችን እጅ ጥርት አድርጌ አየሁ። ሻይ እየቀዱ ነበር። ጣታቸውን በብርጭቆው አፍ ላይ አጥፈው፣ ሙቀቱ ጣታቸው ሲደርስ ያቆማሉ። ስኳሩን ሊያነሡ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አንሸራተው ሄዱ፤ ስኳሩ አጠገባቸው፣ በቀኝ በኩል ነበር፤ እጃቸው ግን አልፎት ሄዶ ተመለሰ። የቁም ሣጥኑ በር ተከፍቶ ቀርቶ ነበርና ዘወር ሲሉ በግንባራቸው መቱት። አልጮኹም። ግንባራቸውን አሻሽተው በሩን ዘጉት፤ የመጀመሪያ ጊዜያቸው እንዳልሆነ ከአዘጋጋቸው ይታወቅ ነበር።

ዐይኔ የዳነው በእሳቸው ላይ ነው። እየጠራልኝ በሄደ መጠን በየቀኑ የማየው እሳቸው የማያዩትን ነገር ሆነ። በማስታወሻዬ ላይ ግን ስለ ሕንፃው ጠርዝና ስለ ዛፉ ቅርንጫፍ ጽፌአለሁ፤ ስለዚህ አንድ መስመር የለም።

ሕይወት ልትወስዳቸው የመጣች ዕለት መኪናዋን በር ላይ አቁማ መስኮቱን ዝቅ አደረገች። «እንዴት ነበረች? ቦስ አደረገችሽ፣ አዘዘችሽ አይደል?» አለችኝ እየሳቀች።

«በጭራሽ» አልኩ።

እትዬ ታደለች ከጀርባዬ ሆነው «እሷን ቦስ ማድረግ ይቻላል? የምትተነፍሰውን ሳይቀር በወረቀት ጽፋ ነው የምትተነፍሰው!» አሉ። ከዚያ የመኪናውን በር እጀታ ሁለት ጊዜ ስተው በሦስተኛው አገኙት። ሕይወት ስልኳን እያየች ነበር። እኔ ግን አየሁ፤ እጄን አውለብልቤ ሸኘኋቸው።

ሃምሳ አምስቱ ቀን በዚህ አለፈ። እሑድ እሑድ ሲደውሉልኝ «ጠዋትስ?» እላቸው ነበር። «ተይኝ አንቺ፣ በፋሲካ እክሳለሁ» ይሉኛል። እኔም መጠየቄን እንደ አንድ ሥራ እቆጥረው ነበር።

ከፋሲካ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት፣ ከሕንፃቸው ፊት ለፊት ያለውን የመኪና ማቆሚያ ሲያቋርጡ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ስተው ወደቁ። የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ሕይወት የዐይን ሐኪም ቀጠሮ አፈላልጋ አገኘች፤ ያን ዕለት ግን ከሥራዋ መቅረት ስላልቻለች ለእኔ ደወለች። «ፕሊስ ሶስና፣ አንቺ ሂጂላት። ክሊኒኩ አስተርጓሚ አለን ብሎኛል፣ ግን እሷ ሰው ፊት አትናገርም፤ አንቺ ካለሽ ይቀለኛል።»

ምርመራው በጨለማ ክፍል ውስጥ የሚደረግ ነው። አገጭን በማስደገፊያው ላይ አሳርፎ፣ በነጭ ጎድጓዳ ሰሌዳ ላይ ብልጭ የሚሉ ትናንሽ መብራቶችን በታዩ ቁጥር አዝራር መጫን ነው። ከኋላቸው ቆሜ መብራቶቹን እከታተል ነበር። በአዲሱ ዐይኔ እያንዳንዳቸውን አየኋቸው፤ ከላይ፣ ከታች፣ ከዳር፣ ከዳር። አዝራሩ ዝም ብሎ ነበር። ከረጅም ጊዜ በኋላ አንዴ ቀጭ ይላል፤ ከዚያ ደግሞ ዝም።

ሐኪሟ የወጣውን ወረቀት አሳየችን። መካከሉ ላይ ከቀረች ትንሽ ነጭ ቦታ በስተቀር የሁለቱም ዐይን ምስል ጠቁሮ ነበር። የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውን ለማቆየት እንደምትሞክር በትሕትና ገለጸች፤ ቀስ ብዬ ተረጎምኩ። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን በቀጥታ ለእሳቸው ፊቷን አዙራ ጥያቄዋን አቀረበች። ጥያቄውን በትክክል አስታውሰዋለሁ፤ ጠብታውን በየቀኑ፣ ጠዋትና ማታ፣ ሳያቋርጡ ያደርጋሉ ወይ?

ተረጎምኩላቸው።

እትዬ ታደለች ድምፄ ወደመጣበት ዞሩ። ዐይናቸው ፊቴን አላገኘውም፤ ትከሻዬን ነበር የሚያዩት። «በየቀኑ ታደርጋለች በያት» አሉኝ።

በሥራዬ ላይ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው የሚያልፍ ቃል አንድ ፊደል እንዳይጎድልበት የምጠነቀቅ ሰው ነኝ። በየቀኑ ያደርጋሉ፣ አልኩ። ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀችና እንዲህ ከሆነ በሽታው ከመድኃኒቱ በርትቷል ማለት ነው አለች፤ ሌላ ዓይነት ጠብታም ጨመረችላቸው።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የእሳቸውም የእኔም የንስሐ አባት የሆኑትን ቄስ ቆይቼ አገኘኋቸው። በጾም ቀን የዐይን ጠብታ ማድረግ ይፈቀዳል ወይ ብዬ ጠየቅኩ፤ የማን ጉዳይ እንደሆነም ገለጽኩ።

«ልጄ፣ የዐይን መድኃኒት ከጾም ጋር ምን አገናኘው?» አሉኝ። «ታድርግ እንጂ! ዛሬውኑ ታድርግ። ለመሆኑ እስከ ዛሬ ለምን አልጠየቀችኝም?»

ይህ ሁሉ የአንድ ደቂቃ ንግግር ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ፣ ሰው ጫማውን እያጠለቀ ልጆቹን በሚጠራበት ሁካታ መካከል፣ ደቂቃዋን ከሦስት ዓመቱ ጋር አነጻጸርኳት። ከዚያው በቀጥታ ወደ ላንድማርክ ነዳሁ። ሕይወት ሥራ ላይ ነበረች። እትዬ ታደለች እጃቸው በጄሶ ታስሮ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ጠየቅሽብኝ?» አሉ የሰማሁትን ስነግራቸው።

«ጠየቅኩ። ዛሬውኑ ታድርግ አሉ።»

«እንደዚያ እንደሚሉ አውቄ ነው ያልጠየቅኳቸው።»

የመኪናዬን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ፈቃድ ስጠይቅ ነው የኖርኩት» አሉ። «አንድ ሕማማት አንዱን ሽማግሌ ከአልጋ ላነሣ ጎንበስ ስል ራሴን ስቼ ወደቅኩ። አባ፣ ሥራሽ ሸክም ነው፣ በልተሽ ሥሪ አሉኝ። በላሁ። የስቅለት ዕለት ሌላው ሲሰግድ እኔ ሥጋ ቆራርጬ ሳጎርስ ውያለሁ። እሑድ ቅዳሴ ቀርቼ ገብቻለሁ። ሁሉም ተፈቅዶልኝ ነው፣ አንዱንም ሰርቄ አላደረግኩም። ግን ሶስዬ፣ የተፈቀደለት ሰው ሁልጊዜ ጎደሎ ነው። ጡረታ ስወጣ፣ እንግዲህ አንድ ነገር ሳይፈቀድልኝ፣ ሙሉውን ልጹምለት አልኩ። ሌላ ምን አለኝ?»

«በዐይንዎ ግን?»

«ትንሽ ይቀንሰዋል ብዬ ነበር» አሉ። ደኅነኛ እጃቸውን አንሥተው በፊታቸው ፊት አወዛወዙት፤ እስከ ትከሻቸው ሲደርስ የሚጠፋቸው ይመስለኛል። «እንዲህ ይፈጥናል ብዬ መች አሰብኩ? ትንሽ ይቀንሰዋል ብዬ ነበር እኮ።» አለቀሱ። ሃያ ዓመት ሳውቃቸው ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ያም ድምፅ የሌለው ለቅሶ ነበር።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «ከእንግዲህ ያደርጋሉ?»

«አደርጋለሁ። መልሱን አምጥተሽ ጫንሽብኝ፤ አሁን ባላደርግ ጾም መሆኑ ይቀርና እልኸኝነት ይሆናል።» አፍንጫቸውን ጠረጉ። «ለሕይወት ግን አሁንም እንዳትነግሪያት። የጠፋው ጠፍቷል፤ እኔ ራሴ እንዳጠፋሁት ስታውቅ ምን ይጠቅማታል?»

ሁለተኛም ቃል ገባሁ።

ከዚያ ወዲያ አንድም ጠብታ አልዘለሉም፤ ጠዋት ሕይወት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ እናደርግላቸው ነበር። ጠርሙሷን ላሞቃት ሞክሬአለሁ፤ እጄ እንደ እሳቸው ሙቀት የለውም። የቀረችው ነጭ ቦታ ግን እየጠበበች ሄደች። የመጨረሻው ዓመት ብርሃንና ጨለማን ከመለየት ያለፈ አልነበረም። ቀልዳቸው ብቻ አልጎደለም። «ሶስዬ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ለብሰሽ ነው?» ይሉኛል። «ግራጫ ሹራብ» ስላቸው «ወይ ጉድ፣ ዐይኔ ሳይጠፋም ግራጫ፣ ከጠፋም ግራጫ! ዋሽተሽም ቢሆን ቀይ በዪኝ።» ሕይወት ደግሞ እነዚያን ዓመታት ራሷን ስትወቅስና ሐኪም ስትረግም ኖረች፤ መጀመሪያ ቀርቦ የተገኘውን ሐኪም ባልመርጥ፣ ቶሎ ሌላ ቦታ ብወስዳት፣ ትለኝ ነበር። እኔ ስሰማት ዝም እላለሁ።

በቀብራቸው ዕለት ስለ ጾማቸው ብዙ ተባለ። የማኅበራቸው ሴቶች አንድ በአንድ እየተነሡ፣ ታደለች የሚበላ ቀርቶ ውኃ እንኳ ከሰዓቱ በፊት አትቀምስም ነበር እያሉ መሰከሩ። አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት፣ ለቀስተኛው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ሕይወትና እኔ የእናቷን ክፍል እናስተካክል ነበር። ከአልጋው ሥር ካለው መሳቢያ አንድ የጫማ ካርቶን አወጣች። ሞልቶ ነበር፤ በትናንሽ የዐይን ጠብታ ጠርሙሶች። አብዛኛው ማሸጊያው እንኳ አልተነካም።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?» አለች። አንዱን አንሥታ ቀኑን አነበበች፣ ሌላውን አነበበች። «ኦ ማይ ጋድ። ፋርማሲው በየወሩ ይልክላት የነበረው እኮ ነው። ይሄ ሳትወድቅ... ይሄ እጇ ከመሰበሩ በፊት ነው። አላደረገችውም? ሶስና፣ አላደረገችውም እንዴ?»

ጠርሙሶቹን እያየሁ ቆምኩ።

«ታውቂ ነበር?» አለችኝ፤ ቀስ ብላ።

«አውቅ ነበር።»

አልጋው ላይ ቁጭ አለች። ሁሉንም ነገርኳት፤ በእኔ ቤት ወተት አሙቀው ያመጡልኝን ጠዋት፣ መራራውን ጉሮሮ፣ የገባሁትን ቃል፣ ከንስሐ አባታችን ያመጣሁትን መልስ፣ እሳቸው የመለሱልኝን። ስጨርስ የካርቶኑን ክዳን መልሳ ገጠመችው፤ አልገጥም ሲላት በመዳፏ ተጫነችው።

«ዶክተሯ ስትጠይቃት አንቺ ነበርሽ አብራት።»

«እኔ ነበርኩ።»

«ምን አልሻት?»

«ያሉትን ተረጎምኩ።»

ሕይወት ካርቶኑን ወደ ጎን ገፋችው። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «አስተርጓሚማ ክሊኒኩም ነበረው» አለች። «እኔ የላክኩት አንቺን ነው።»

ከዚያ «ዛሬ ሂጂልኝ» አለችኝ። ሄድኩ። ገና ቀን ነበር፤ ዝናብ ጥሎ አባርቶ አየሩ ጠርቷል። ከላንድማርክ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ድልድዩን ተሻግሬ ቀለበት መንገዱን ይዤ ስነዳ፣ በመንገዱ ላይ ያለውን ሰሌዳ ሁሉ ከሩቅ፣ ሌላው ሰው ገና ሳያየው፣ አንድ በአንድ አነበብኩት።